ዙቤይዳ ጋ የሄደው ወፍ

መጋቢት 18
ቡናዬን ስኮተኩት ዋልኩ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ጠዋት ታናሽ እህቴ ዙቤይዳ ከዳገቱ ላይ ደወለች። ከኋላዋ ያ ደረተ ብርቱካኑ ወፍ ሲዘፍን ሰማሁት። የእኔ ወፍ! ሱብሂ ሰግጄ ስነሳ ዋንዛዬ ላይ ሆኖ ያዜምልኝ የነበረው... ዘንድሮ ድምፁ ጠፍቶብኝ ነበር። ለካ እሷ ጋ ነው።

“ማሻአላህ! ትሰሚዋለሽ እትዬ?” ትለኛለች ደግሞ። ኔትዎርክ የለም ብዬ ዘጋሁባት።

መጋቢት 25
አባታችን መሬቱን ሲያካፍለን “አንቺ ታላቅ ነሽ፣ ምረጪ” አለኝ። የታችኛውን መረጥኩ። ላዩ ብርድ ነበር፣ ቡና እንኳ አይበስልበትም ነበር። ዙቤይዳ ላዩ ደርሷት አለቀሰች። አሁንስ? የእሷ ቡና ነጭ በነጭ ሆኖ አብቧል። የእኔ አበባ ዝናብ ዘግይቶበት ጠቁሮ ረገፈ። እሺ፣ ቡናው ይሁንላት። ወፉንም? ቅናት ነው፣ አውቃለሁ።

ሚያዝያ 2
ባሌ ጀማለዲን “በወፍ ትቀኛለሽ እንዴ?” ብሎ ሳቀ። ይሳቅ።

ሚያዝያ 9
አደረግኩት። ዙቤይዳ አጋሮ ገበያ መውረዷን ሰምቼ ቤቷ ወጣሁ። ልጆች ሳለን እንደምናደርገው... ቅርጫቷን በእንጨት ደግፌ፣ እንጨቱ ላይ ገመድ አስሬ፣ ከስሩ ምስጥ በተንኩ። ወፉ ገባ። ሳብኩ። በሻሼ ሸፍኜ ከነቅርጫቱ ይዤው ወረድኩ፤ ገመዱ እዚያው ቀረ።

ዋንዛው ስር ለቀቅኩት። መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። ደርቋል፣ ምን ያገኛል? አፉን ከፍቶ አለከለከ። ከዚያ ብድግ... ወደ ዳገቱ። ዞር ብሎም አላየኝ።

ሚያዝያ 10
ዙቤይዳ ደወለች። “እትዬ፣ ሜ፣ እባክሽ፣ ቅርጫቴን መልሺልኝ። ወፉ እንደሆነ በራሱ መጥቷል።”

ፊቴ ጋለ። “ወላሂ፣ ገመዱን ሳየው በሳቅ ሞትኩ” አለች። እኔ አልሳቅኩም። ከኋላዋ ይዘፍናል። ምናለ ዝም ቢል?

ሚያዝያ 16
የግብርና ባለሙያው ነጋሳ ቡናዬን ሊያይ መጣ። እህቴ ወፌን ወሰደችብኝ አልኩት፣ እንደ ቀልድ።

“ማንም አልወሰደብዎትም። ሙቀቱ ነው ያባረረው። ወፎቹ ቅዝቃዜ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣሉ።”

“እዚያም ሲሞቅስ?”

ቀና ብሎ ዳገቱን አየ። “ከእህትዎ በላይማ መሬት የለም።”

ሚያዝያ 17
ሱብሂ ሰግጄ ዛሬ እኔው ደወልኩ።

“ብርዱ እንዴት ነው እዚያ?”

“የምን ብርድ፣ እትዬ? ዘንድሮ ጋቢ እንኳ አላወጣሁም።”

ወፉ ከኋላዋ ይዘፍናል።

“ስልኩን ወደ እሱ አዙሪልኝ” አልኳት።

አዞረችልኝ። ካርዴ እስኪያልቅ ሰማሁት።