የኋለኛው መቀመጫ

ውድ ልጄ፣

ልጄ ብዬ የምጠራሽ ፈቃድሽን ሳልጠይቅ ነው፤ ካልወደድሽው ይቅር በይኝ። እንዴት ሰነበትሽ? የእናትሽ ጉልበት ተሻለው? እናንተ ጋ ባሪ፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ሙቀቱ ከአሁኑ በርትቶ ይሆናል። እኛ ጋ ዝናብ ነው፤ ሣሩ ሳይታጨድ ተኝቷል። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ትምህርቴን ትቼ አባቴ ኮርቻ መስፊያ ቤት የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ስለሆነ መጻፍ ይከብደኛል። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። የእጅ ጽሕፈታችን እንደሚያስቸግርሽ ስለማውቅ ፊደሎቹን ለያይቼ ጽፌልሻለሁ።

የልጄን የኮርቢንያንን ሞት እዚህ ሆቴሉ ውስጥ አብራሽ ትሠራ የነበረችው ልጅ ደውላ እንደነገረችሽ ሰምቻለሁ። ስለዚህ መርዶ ነጋሪ አልሆንብሽም። እኔ ዘንድ ግን እንዴት እንደደረሰ የነገርኩት ሰው ስለሌለ ላንቺ ልንገርሽ።

የጰራቅሊጦስ እሑድ ነበር፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ኬኩን ከምድጃ አውጥቼ እንዲበርድ መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት በሞተር ብስክሌቱ ወደ አንቺ ሲነሣ፣ “እማ፣ እሑድ ለኬኩ እደርሳለሁ፤ ወይ ሁለት ሆነን፣ ወይ ብቻዬን” ብሎኝ ስለነበር ሦስት ሳህን አውጥቻለሁ። ግቢው ውስጥ የተሰማው የመኪና ድምፅ እንጂ የሞተር ስላልነበር ቀና ብዬም አላየሁ። ሁለት ፖሊሶች ገቡ። አንደኛው ዓምና የሞተሩን መቀመጫ የሰፋሁለት ልጅ ነው። ኮፍያውን አውልቆ፣ “እባክዎ ይቀመጡ” አለኝ። “ቆሜ እሰማለሁ” አልኩት። “እባክዎ” አለኝ እንደገና። ያኔ ገባኝ።

የወደቀው ከድንበሩ ማዶ፣ ፌርን በሚባለው የተራራ መተላለፊያ ላይ ነው፤ ቤቱ ለመድረስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሲቀረው። መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ እሱ ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ ሄደ። አስፋልቱ ላይ ፍሬን የያዘበት ምልክት የለም። ይህችን የመጨረሻዋን ፖሊሱ የነገረኝ መሬት መሬት እያየ ነው። ለምን መሬት እንዳየ የገባኝ ከቀብሩ በኋላ ነው።

ወንድሜን አሎይስን ታውቂዋለሽ። ከቀብሩ ስንመለስ ወጥ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋና፣ “እህቴ፣ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከኔ ስሚው” አለኝ። “ልጁ ሄደ፣ አብረሽኝ ነይ ብሎ ጠየቃት፣ እምቢ አለችው። ብቻውን ተመለሰ። ቀጥ ብሎ ሄደ። ሰው ሁሉ የሚለው ይህንን ነው።” እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ያንኑ ሳህን ሦስት ጊዜ ሳላጥበው አልቀረሁም።

አሁን የማውቀውን እንድትረጂልኝ ሞተሩ ወደተመረጠበት ቀን ልመልስሽ።

አንቺ በመከር ከሄድሽ ወዲህ ልጁ ዝም ብሎ ነበር የከረመው። በመጋቢት አንድ ቀን ሥራ ክፍሌ ገብቶ የቆዳ ቁርጥራጩን በእግሩ እየነካካ፣ “እማ፣ ሞተር ልገዛ ነው። የምትመርጪልኝ አንቺ ነሽ” አለኝ። “እኔ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ?” አልኩት። “ስለ ሞተር መች አልኩሽ፤ ስለ መቀመጥ ነው። አሥራ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር የሚያስቀምጥ ያስፈልገኛል።” አሥራ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ምን እንዳለ አልጠየቅኩትም። ካርታውን እኔም አይቼው ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ሄድን። አሎይስ ሳይጠራ መጣ። “እህቴ በእሑድ ቀሚሷ ሞተር ላይ ስትወጣ ሳላይ አልሞትም” አለ። እኔም ወጣሁ፤ ሦስቱም ላይ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ቀይ ነበር፤ ኮርቢንያን ገና ከበር ያየው እሱን ነው። የሚቀመጡበት ደረትን የነዳጁ ታንክ ላይ አስተኝተው፣ ክብደትን ሁሉ የእጅ አንጓ ላይ ጥለው ነው። “ይህ ለጓደኞችህ ማሳያ ነው” አልኩት። “መቶ ኪሎ ሜትር ሳትሄድ እጅህ ይደነዝዛል።” ሁለተኛው ረጅም፣ ለጠጠር መንገድ የተሠራ ነበር፤ መቀመጫው እንደ ሳንቃ ጠባብ። ልጄ ሲወጣበት መሬቱን የነካው በእግሩ ጣት ብቻ ነው። አሎይስ፣ “ግድ የለም፣ ቀይ መብራት ባለበት ሁሉ መሰላል ይዤ እጠብቅሃለሁ” አለው። ሻጩ ሳይቀር ሳቀ።

ሦስተኛው ጥጉ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሰፊ፣ ከባድ፣ ፊቱ ላይ ትልቅ የነፋስ መከላከያ መስታወት ያለው። ስቀመጥበት ጉልበቴ ወጥ ቤት ወንበር ላይ እንደሚታጠፈው ታጠፈ። ጀርባዬ ቀጥ አለ፤ እጄም ሳልንጠራራ መሪው ላይ ደረሰ። ከኋላዬ ደግሞ እውነተኛ መቀመጫ ነበር፤ ከነመደገፊያው። እዚያ ላይ መዳፌን አሳረፍኩ። ልጄም አየኝ።

“ይህማ የጡረተኛ ሶፋ ነው” አለ አሎይስ። “ኮርቢ፣ ጫማህን አውልቅና ቴሌቪዥኑን ክፈት።”

“አጎቴ፣ አንተ የምትቀናው ትራክተርህ ኋላ መቀመጫ ስለሌለው ነው” አለው። “ቢኖረውስ ማን ይወጣልሃል?”

ሻጩ ስለ ጉልበቱና ስለ ፍጥነቱ ሊነግረኝ ጀመረ። “እኔ መንዳት አላውቅም” አልኩት። “ሰው ሲቀመጥ የት የት ላይ እንደሚያመው ግን አውቃለሁ።” ያንን ሦስተኛውን ይዘን ወጣን። እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር ብነግርሽ ታፍሪልኛለሽ። ፈጣኑን አስትቼ ከባዱን ያስያዝኩት ልጄን ከሞት ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

በግንቦት መባቻ፣ በየዓመቱ እንደሚደረገው፣ ሞተሮቹ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰልፈው ቄሱ ጠበል ረጩባቸው። እሱም በሰልፉ ውስጥ ነበር። ከፊት መስታወቱ ላይ ጠብታው ሲወርድ አሁንም ይታየኛል።

ከፋብሪካ የመጣውን መቀመጫ አውልቄ በልኩ እንደገና ሠራሁለት። ልነግርሽ የፈለግኩት ነገር እዚህ ላይ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ግንድ ለሚጎትቱ ጋሪ ነጂዎች ነበር የሚሰፋው። የቱንም ያህል ለስላሳ መቀመጫ ቢሠራ፣ ከሥሩ አንድ ጠንካራ ጠፍር ያገድም ነበር። ለመጀመሪያው ሁለት ሰዓት አይሰማም። ከዚያ በኋላ መቆጥቆጥ ይጀምራል። “ነጂው ይውረድ፣ ይንጠራራ፣ ውሃ ይጠጣ። ካልቆጠቆጠው ይተኛል” ይለኝ ነበር። እኔም አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ ጠፍር መቀመጫ ሰፍቼ አላውቅም። ለደንበኛ አልናገረውም፤ እንዲሁ አስገባዋለሁ።

ኮርቢንያን ሊሞክረው ወጥቶ ተመለሰና፣ “እማ፣ ደስ ይላል፤ ግን ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ እዚህ ጋ የሆነ ነገር ይወጋኛል” አለኝ። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። “ያኔ ውረድና አረፍ በል” አልኩት። “ወርጄማ መቼ እደርሳለሁ?” አለኝ። የሚደርሰው ወዴት እንደሆነ ስለማውቅ አዘንኩለት። በማግስቱ በወስፌ ስፌቱን ፈታሁ፣ ጠፍሩን በገዛ እጄ አወጣሁ፣ በቦታው ሌላ ስፖንጅ ደረብኩ። እንደገና ሄዶ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። “ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር። ነዳጅ ለመሙላት ካልሆነ አልወረድኩም። እማ፣ እኔ እንኳ መቀመጤን ረስቼው ነበር።” ያን ቀን የኮራሁትን ያህል በሕይወቴ ኮርቼ አላውቅም።

የኋለኛውን መቀመጫ የጨረስኩት ረቡዕ ነው፤ ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው። ልክሽን ከየት አመጣሽው እንዳትዪኝ፣ የክረምት ቀሚስሽን ያሳጠርኩልሽ ጊዜ ነው። በነጭ ክር ሰፋሁት። “ዕቃ እንዳትጭንበት” ብዬ አስጠነቀቅኩት። አልጫነበትም፤ ለአንቺ የገዛውን ሰማያዊ ሄልሜት እንኳ መደገፊያው ላይ ነው ያሰረው።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ ሞተሩን መልሰውልን ግቢ ውስጥ ጣሉት። ፊቱ የለም። አሎይስ፣ “ለብረት ሰብሳቢ እንስጠውና ከዓይንሽ ይራቅ” አለኝ። እሱ ስልክ ሊደውል ሲገባ የኋለኛውን መቀመጫ ፈትቼ ሥራ ክፍሌ ወሰድኩት።

ልጄ፣ ሰው መጽሐፍ እንደሚያነብ እኔ ስፖንጅ አነባለሁ። ያልተቀመጡበት ስፖንጅ ጣትን ይመልሳል። ይህ አልመለሰም። የአንድ ሰዓት መቀመጥ ደግሞ እንዲህ አያደርገውም፤ አንድ ቀን ሙሉ፣ ምናልባትም ሁለት ቀን ነው። ግራው ጎን ከቀኙ ዝቅ ብሏል። ወጥ ቤቴ ውስጥ ስትቀመጪ ወደ ግራ እያጋደልሽ፣ “ወንበሬን ታጣምሚዋለሽ” እያልኩ የተቆጣሁሽ ትዝ ይልሻል? በነጩ ስፌት መሃል ደግሞ አሸዋ አገኘሁ፤ ደቃቅ፣ ነጭ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ አሸዋ የለም።

ይህንን ለአሎይስ አሳየሁት። “እህቴ፣ ስፖንጅ ምስክር ይሆናል እንዴ?” አለኝ፤ ክፉ አልነበረም፣ አዝኖልኝ ነው። ለቄሱ ነገርኳቸው። እጄን ይዘው፣ “እግዚአብሔር ያውቃል” አሉኝ። እሱስ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነኝ። በቀብሩ ላይ የታደለውን የመታሰቢያ ካርድ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ፎቶው አንቺ ያነሣሽው ነው። ከሥሩ “በአደጋ የተለየን” ሊባል ነበር፤ አሎይስ ማተሚያ ቤት ሲሄድ “በአደጋ” የሚለውን አስወጣው። “የማናውቀውን አንጻፍ” አለ። ያን ጊዜ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አሁን ዳቦ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ከከተማ መጣ። መቀመጫውን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጎ፣ “ልክ እንደ ኮርቢንያን አድርጊልኝ፤ ቀኑን ሙሉ አያደክምም ብሎ አውርቶልኝ ነበር” አለኝ። እምቢም አላልኩት፣ ስለ ጠፍሩም አልነገርኩት። ተቀብዬ ሠራሁት። ጠፍሩን አስገባሁበት። ይቆጠቁጠዋል፣ ተመልሶም ይወቅሰኛል። ይውቀሰኝ።

ያላንቺ የሚነግረኝ የለም። ወይ ልጄ ተከፍቶ ዓይኑ እያየ ቀጥ ብሎ ሄዷል፤ ወይ ደግሞ ደስ ብሎት፣ ምንም ሳያመው፣ እኔ ባነጠፍኩለት ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ሁለተኛው እንዲሆን ነው የምለምነው። ጥፋቱ የኔ ይሁን፤ እችለዋለሁ። የመጀመሪያውን ግን አልችለውም። አንዲት መስመር ጻፊልኝ። “ተቀምጬበት ነበር” ብቻ በዪኝ።

ያልጻፍሽልን የምንወቅስሽ መስሎሽ ከሆነ፣ እኔ አልወቅስሽም። ምናልባት ሥራሽን እስክትለቂ የቀረሽ ጥቂት ቀን ነበር። ምናልባት “ዛሬ እደር፣ ሰኞ ትሄዳለህ” ብለሽው ይሆናል። ምናልባት እሱ “እሑድ ለእማ ኬክ መድረስ አለብኝ” ብሎሽ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ያንን አትጻፊልኝ።

ፖሊሶቹ ከገደሉ ሥር ያነሡት አንድ ሄልሜት ነው፤ የሱን። “ሰማያዊ ሌላ ነበረው ብለው ነበር፤ ሣሩ ውስጥ እንፈልግልዎ?” ሲሉኝ፣ “አትድከሙ” አልኳቸው። ካንቺ ዘንድ ከሆነ አትመልሺው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽና፤ እናትሽን ያቆይልሽ። የልጄ ክፍል እንደነበረ ነው፤ ብትመጪ በሩ አይቆለፍም። ይህ ወረቀት ካንቺ እጅ አልፎ ማንም ቢያነበው፣ ካርዱ ላይ ያለውን ስም ጠርቶ ለልጄ ለኮርቢንያን ነፍስ ይጸልይለት። ወደ ቤቱ እየመጣ ሳለ እንቅልፍ ለጣለው ልጅ ብሎ ይጸልይለት።

እናቱ፤ ከፈቀድሽም እናትሽ