ጅራተ ጠማማዋ ወፍ

ሰኞ

የደጃዝማቹ ማዕረግ ዛሬም ካርቶኑ ላይ አልገባ አለኝ። «ክቡር» ብዬ ጀምሬ፣ ሹመታቸውን ደርድሬ፣ ስማቸው ጋ ስደርስ ቦታ አለቀ። ፊደሉን አቀጠንኩት። ጥቁር ካርቶን ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ቀጭን ፊደል ደግሞ በቴሌቪዥን ሲወጣ ይንቀጠቀጣል። የምሽቱን ዜና የሚያስተላልፉት አለቃችን ጋሼ ሰይፉ አዩና «ሙሉ፣ ሰውየውን ወባ አስያዝሻቸው» አሉኝ። ምን ላድርግ? ማዕረጋቸውን ባሳጥር ነገ ከቢሮ የምባረረው እኔ ነኝ።

ሰው ይሄን ሥራ ቀላል ይመስለዋል። ካርቶኑን ማቆሚያው ላይ አቆማለሁ፣ ካሜራ ሁለት ያነሳዋል፣ ጋሼ ሰይፉ ቁልፋቸውን ሲጫኑ ፊደሌ ከምስሉ ላይ ጉብ ይላል። ሁሉም እዚያው በዚያው ነው የሚተላለፈው። ከተሳሳትኩ አገር አየኝ ማለት ነው።

ታዴ ጠዋት አውቶቡሱን ወደ ደብረ ማርቆስ ነዳ። የእናቴ ልጅ ነው፣ አባቶቻችን ቢለያዩም። ሲወጣ እንደ ልማዱ በወፏ ቀለደብኝ። ይሄን የካርቶን ፊደል ከመልመዴ በፊት አውቶቡሱ ግንባር ላይ ነጭ ወፍ ስዬለት ጅራቷ ተጣሞ ቀረ። ላስተካክልልህ ስለው እምቢ ይላል። «ጅራቷ ከቀናማ የሌላ ሰው አውቶቡስ መሰለ።»

ስመለስ እማዬ ጋሽ ሽኩር ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። ከግቢያችን ፊት ለፊት ነው፤ የሰፈሩ ቴሌቪዥን እዚያ ነው ያለው። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ የእኔን እጅ ግን ትለያለች። የሌላ ሰው ካርቶን ሲወጣ ዝም፤ የእኔ ሲወጣ «ይቺ የኔዋ ናት» እያለች ሰው ታስቸግራለች አሉ። የጋሽ ሽኩር ቴሌቪዥን የቀኙን ጠርዝ ይበላል። የደጃዝማቹን የአባት ስም ግማሹን ውጦታል አሉኝ። እሰይ።

ማክሰኞ

ፊልም ተበጠሰ። ዜና አንባቢው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ለጥቂት ጊዜ ይቅርታ» የሚለውን ካርቶን እየሮጥኩ አቆምኩት። ያንን ካርቶን ሠርቼ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አላመሰገነኝም። ራሴን አመሰገንኩ።

ነጭ ቀለም ሊያልቅ ነው። ትንሿ ብሩሽ ጠጉሯ ረግፏል። ለእማዬ የጉልበት መድኃኒት አልገዛሁም። ነገ።

ረቡዕ

ግቢያችን ምን ነክቶታል? ጠዋት እትዬ ብርቅነሽ፣ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን፣ ዓይኔን ስትሸሽ አየኋት። ከዚያ ጨጨብሳ ይዛ መጣች። ምን ተገኘ ብላት «ብዪ ብቻ፣ ልጄ» አለችኝ። ጋሽ ሽኩር ሻዬን ራሱ ቀድቶ አመጣልኝና አጠገቤ ቆመ፣ ቆመ፣ ምንም ሳይል ሄደ። የእድሩ ዳኛ ከአውቶቡስ ተራ ሰዎች ጋር ደጅ ቆመው ሲያወሩ እኔን ሲያዩ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። ዝናብ የለም።

ታዴ ዛሬ መግባት ነበረበት። እማዬ ራቱን ከድና አስቀመጠች። ጎማ ይሆናል አልኳት። ደግሞ ቢሆን ምን ይገርማል፣ ያ መንገድ ጎማ ነው የሚበላው።

ሐሙስ

ብዕሩን ሦስቴ አንስቼ አስቀመጥኩት። ልጻፈው ግን።

ከሰዓት በኋላ ከዜና ክፍል ወረቀት መጣ። ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ የአውቶቡስ ፍሬን እምቢ ብሎ፣ ሾፌሩ ወደ ገደሉ እንዳይገባ ከተራራው ጋር አላተመው፤ ተሳፋሪው ተረፈ፣ እሱ ሞተ፣ እዚያው ደጀን ተቀበረ። ፊልም አንሺያችን ሄዶ አንስቶ መጥቷል። ወረቀቱን ያመጣው ልጅ «ጀግና ነው፣ ፊደሉን ወፈር አድርጊው» አለኝ። ብሩሼን ነከርኩ። «አቶ ታደሰ ወርቁ» ብዬ ጻፍኩ። አሳምሬ ጻፍኩት እኮ! ፊደሎቹን አስተካክዬ፣ ጠርዙን ጠብቄ፣ ራቅ ብዬ አየሁት። ያኔ ነው ያነበብኩት።

ክው አልኩ። አልጮህኩም። ጨጨብሳው ገባኝ፣ ሻዩ ገባኝ፣ ዝናቡ ገባኝ። ሁሉም ያውቃሉ። የአውቶቡስ ተራ ሾፌሮች ወሬውን አምጥተውታል፤ መርዶው እንደ ወጉ ሳይነጋ እንዲነገረን ሽማግሌ መርጠው፣ እስከዚያ እንድንበላ፣ እንድንተኛ ብለው ነው የደበቁን። እኔ በአባቴ ስም ስለምጠራ እዚህ ማንም እህቱ መሆኔን አላወቀ። ወንድሜን በገዛ ብሩሼ አረዱኝ።

የታየኝ እማዬ ብቻ ነበረች፣ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ። ማንበብ ባትችልም አጠገቧ ያለው ሁሉ ያነባል። አንዱ «ውይ!» ካለ አለቀ። በሰው መሀል፣ ዘመድ ሳይዛት፣ በቴሌቪዥን!

ጋሼ ሰይፉ ጋ ገብቼ ነገርኳቸው። ካርቶኑን ከእጄ ወሰዱ።

«ፊልሙን ማስቀረት አልችልም፣ ከላይ ታዟል። ስሙን የማወጣው ግን እኔ ነኝ፣ የማስቀረውም እኔ ነኝ። አንባቢውም ‹አንድ ሾፌር› ይበል። አንቺ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

አልሄድም አልኩ። ቁልፉ በስህተት ቢጫንስ? ካርቶኑ ማቆሚያው ላይ እንደሌለ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ዜናው ሲተላለፍ ባዶውን ማቆሚያ ይዤ ቆሜያለሁ። ፊልሙ ገባ። ቀና ብዬ ቴሌቪዥኑን አየሁ።

የተጨረመተ አውቶቡስ። ካሜራው ወደ ግንባሩ ቀረበ። ወፌ። ጅራተ ጠማማዋ ወፌ፣ ስክሪኑን ሞልታ።

ፊደሉን ለማስቀረት ስሟገት ሥዕሌን ረሳኋት። ፊልሙን ቀድሜ ልየው እንኳ አላልኩም! የእማዬ ፊደል እኮ እሷው ናት።

እንዴት ቤት እንደደረስኩ እንጃ። ጋሽ ሽኩር ከሻይ ቤቱ ወጥቶ ያዘኝ። እንደማውቅ ፊቴን አይቶ ገባው። «ስሙ ከመጣ ላጠፋው እጄን ማጥፊያው ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር፣ ወላሂ። ስሙ አልመጣም። አልሐምዱሊላህ ብዬ ተውኩት።» እማዬስ አልኩት። ደህና ናት፣ እስከ መጨረሻው አይታ ደህና እደሩ ብላን ገባች አለኝ።

እውነትም ደህና ነበረች። ራት አቀረበች። «ፊደልሽ ዛሬ አልወጣም» አለችኝ። ሥራ አልነበረም አልኳት። «ብዪ፣ ከስተሻል» ብላ አጎረሰችኝ፤ ደግማ አጎረሰችኝ። ዋጥኩ። ወፏን አልለየቻትም ብዬ ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ሰዓት ደስ አለኝ።

ዓርብ

ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ዳኛ፣ ጋሽ ሽኩር፣ እትዬ ብርቅነሽ፣ ከኋላቸው ሾፌሮች። ተነስቼ መብራት ሳበራ እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ መቀነቷን አጥብቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። አልተኛችም።

ዳኛው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እጇን አነሳች። «አትድከሙ» አለቻቸው። «ወፏን አይቻታለሁ። ለልጄ ነው ዝም ያልኩት፣ እህል ትቅመስ ብዬ፣ እንቅልፍ ትተኛ ብዬ። አሁን ንገሯት።»

አልቻልኩም። እግሯ ሥር ወደቅሁ። አውቅ ነበር እኮ እማዬ፣ አውቅ ነበር አልኳት። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ አንዷ ለሌላዋ ስትል እንደ ተኛ ሰው ተንፍሰን ነው ያነጋነው። ታዴዬን ለየብቻ አልቅሰንለት አደርን፣ ያለ ድምፅ። ይሄ ነው አንጀቴን የበላው፣ ከሞቱ እኩል።

ቅዳሜ

ድንኳን። ሰው። ሰው። ደረቴ ቆስሏል። ከአደጋው የተረፈች ሴት ከነሕፃኗ መጥታ እማዬ እግር ሥር ተንበረከከች። እማዬ ሕፃኑን ተቀብላ አቀፈችው፤ አልመልስም ትላለች ብዬ ፈራሁ። መለሰች።

ጋሼ ሰይፉ መጡ። ብዙ ከተቀመጡ በኋላ፣ ነገ ማታ በሳምንቱ ዜና ፊልሙን እንደሚደግሙት፣ አሁን ግን ሰውየው በስሙ መጠራት እንዳለበት ነገሩኝ። ካርቶኑን ሌላ ሰው ይሥራው ወይ አሉ። እኔ ነኝ የምሠራው አልኩ። ያኛውን አልፈልገውም፣ ሳላውቅ የጻፍኩትን።

እማዬ ሰምታለች። «ስሙን ቢጽፉት እኔ ምን አውቃለሁ። ወፏን አድርጊበት።»

የዜና ካርቶን ላይ ፊደል እንጂ ሥዕል አይገባም፤ ደንብ ነው። ጋሼ ሰይፉን አየኋቸው። አቀርቅረው «አድርጊው» አሉ።

እሁድ

ቀለሙን ቤት አስመጥቼ አልጋው ላይ ሠራሁት። ስሙን በግራ፣ ወፏን በቀኝ፣ ጅራቷን እንደ ነበረው ጠማማ አድርጌ። ማስተካከል የለመደው እጄ ማጣመም አቃተው። ደጋግሜ ነው የተሳካልኝ።

ማታ እማዬ ከድንኳኑ አልወጣም አለች። «ሄደሽ እዪና ንገሪኝ።» ሻይ ቤቱ ደጃፍ፣ የእሷ ቦታ ላይ ቆምኩ። ጋሽ ሽኩር ሁሉንም ጸጥ አሰኘ። አንባቢው ስሙን ጠራ፣ ካርቶኔ ወጣ። አቶ ታደሰ ወርቁ። ወፈር ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ። ወፏም ከጎኑ። ጅራቷ ግን የለም! ያንን የተረገመ ጠርዝ፣ ስንቴ የተሳደብኩበትን፣ ሐዘኑ አስረስቶኝ እስከ ጫፍ ድረስ ስያታለሁ። የጋሽ ሽኩር ቴሌቪዥን በላው።

ስመለስ እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። ወጥታለች፣ ከነጅራቷ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከእንግዲህ መደባበቅ ይበቃናል አልኩ በሆዴ።

«ስሙ አምሮ ወጣ፣ እማዬ። ጅራቷን ግን ቴሌቪዥኑ በላው።»

ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ተዪው፣ ታዴ ቢሰማ ይስቅብሽ ነበር» አለችኝ። ፈገግታው ሳያልቅ ዕንባዋ መጣ፣ የእኔም። ዛሬ ግን አንድ ላይ ነው ያለቀስነው። አሁን ትከሻዬ ላይ ተኝታለች፣ ክንዴ ደንዝዟል፤ አላንቀሳቅሰውም።