እማዬ ለቀዩ ሄልሜት የጮኸችበት ወር

እህትም እናትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለውዷ እትዬ ኦቲሊያ፦

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ? ያ የዓሣ ፋብሪካ ብርድ ጣቶችሽን ማደንዘዙን ተወልሽ ወይስ አሁንም ጓንት በጓንት ላይ ደርበሽ ነው የምትውዪው? ባልሽ ብሮኒስዋቭስ ወገቡን ተሻለው? መንትዮቹስ እንዴት ናቸው? ኖርዌይ ዝናቡ አላቆም ብሏል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ እዚህ ሊፖቮ ደግሞ ኦገስት ሙሉ ጠብ ሳይል አልፎ ድንቹ የርግብ እንቁላል አክሎ ነው የወጣው። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እኔም ከአንዲት የተሰነጠቀች የጎድን አጥንት በስተቀር ምንም አልሆንኩም፤ እሷም ብትሆን በእኛ በሞተር እሽቅድምድም ሥራ ከጤና ነው የምትቆጠረው።

«እውነቱን ንገረኝ፤ የእማዬ ዓይን ያያል ወይስ አያይም? የማያይ ከሆነ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። በስልክ ያልመለስኩልሽ ልደብቅሽ ብዬ አይደለም። አንቺ በደወልሽ ቁጥር ድንች ልላጥ ብላ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ ጆሮዋ እንደሆነ የጥንቱ ነው። ራሷን ከጠየቅሻትማ፣ አጥርቼ ነው የማየው፣ ካላየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብላ ትምላለች። መሐላውን ልብ በይልኝ።

ይህን በማለች በሳምንቱ ቄሱን ጎረቤታችን ቴኦፊል መስለዋት መንገድ ላይ አስቁማ፣ ዶሮዎችህ ቀይ ሥሬን ጭረው ጨረሱት ብላ ልክ ልካቸውን ነገረቻቸው። ቄሱም ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ ዶሮ ሳይኖራቸው ይቅርታ ጠየቁ።

እኔም ወሩን ሙሉ ስሰልላት ከረምኩ። ወሩ ደግሞ ምን ዓይነት ወር ነበር መሰለሽ! ክለባችን በሊጉ ጭራ ላይ ነው፤ ከወረድን በሩ እንደሚዘጋ ሊቀመንበሩ ፊት ለፊት ነግረውናል። በዚያ ላይ የዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ ተደረበብን። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ አምበል ነኝና፣ ሌላው ሞተር ሲጠግን እኔ ሰው ስጠግን ሰነበትኩ። በሜዳችን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ተጋጠምን። በሊጉ አንዱን ተሸነፍን፣ አንዱን አሸነፍን፤ በዋንጫው ደግሞ የዛሌሺዬ ክለብ ልጆችን በጥቂት ነጥብ በለጥናቸው። እማዬ እንደ ልማዷ አባዬ ሞተር ይነዳ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በምትቆምበት ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሻሿን አስራ፣ ሞተሮቹ የሚረጩትን አፈር እየጠጣች «ልጄ! ልጄ!» ስትል ነው የምትውለው። ስለዚህ አትስጊ፣ ታያለች ብዬ ልጽፍልሽ ወረቀቱን አውጥቼ ነበር።

ከዚያ የዛሌሺዬ መልስ ጨዋታ መጣ። በእያንዳንዱ ሩጫ ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ነጂ ነው የሚወጣው፤ በሜዳችን ስንሆን ቀይና ሰማያዊ ሄልሜት የእኛ ነው። ሰው ሜዳ ስንሄድ ግን እኛ ነጭና ቢጫ እናደርጋለን፣ ቀዩ የባለሜዳው ይሆናል። አንቺና እኔ ይህን ያወቅነው ፊደል ሳንቆጥር ነው። እኔ ነጭ፣ ጥንዴ ኢግናጺ ደግሞ ቢጫ አድርገን ገባን። ኢግናጺ እናቱ ሆላንድ የሄደችበት፣ ዝምተኛው ልጅ ነው። የመነሻው ገመድ ሲነሳ እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ጥንድ ሆነው ሲነዱ፣ የቀደመው ውጭውን ዘግቶ ለባልደረባው ውስጡን መተው ነው ወጉ። በሁለተኛው ዙር ዘወር ብል ቀይ ሄልሜት ከኋላዬ መጣ። ሳምንታት ሙሉ ቀይ ሲያይ የከረመ ዓይኔ የእኛ ነው አለኝ። ውስጡን ከፈትኩለት። ከውጭ በኩል የሚመጣውን ቢጫ ደግሞ እስከ አጥሩ ድረስ ወስጄ ዘጋሁበት። ጠላታችንን እንደ ሙሽራ አጅቤ አስገባሁልሽ! ቢጫው ኢግናጺ ነበር። ዋንጫውም በዚያው ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሊፖቮ ሰው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ዳቦ የምትሸጠው ሴትዮ፣ ለቤትህ ነው ወይስ ለዛሌሺዬ የምትገዛው አለችኝ። ቴኦፊል በራችን ላይ ቀይ ባልዲ አስቀምጦ፣ አምበል፣ እባክህ አጅብልኝ ብሎ ሄደ። ይህን ሁሉ ስቄ አሳለፍኩት። ያልቻልኩት እማዬ አጠገብ የምትቆመው ጌኖቬፋ ስንመለስ በጆሮዬ የነገረችኝን ነው። እማዬ ያን ቀን ዛሌሺዬ ድረስ አብራን መጥታ ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ ለቀዩ «ልጄ! ልጄ!» ስትል ነበር፤ ሰዉ አፍሮ ማንም አላረማትም። በሜዳችንማ ቀይም ሰማያዊም የእኛ ስለሆነ ስህተቷ አይታወቅባትም። ለካ ፊቴን አታየውም፣ ቁጥሬንም አታነበውም፤ የምታየው ቀለሙን ብቻ ነው። ደብዳቤውን «ነይና ውሰጃት» ብዬ ጀመርኩት፤ ግን ክለቡ በሚሞትበት ወር ያችን ኩርባ ደግሞ እኔ ልቀማት? የመጨረሻው የሊግ ግጥሚያ ይለፍ ብዬ አቆየሁት።

ግጥሚያው ትናንት ነበር፣ በሜዳችን። ሰው አጥር ላይ ሁሉ ተሰቅሏል። አንድ ሩጫ ሲቀር በሁለት ነጥብ እንመራለን፤ እንመራለን ስልሽ ደስ እንዳይልሽ፣ የሚመሩን እነሱ ናቸው! ላለመውረድ አንደኛም ሁለተኛም የእኛ መሆን ነበረበት። ቀዩ ሄልሜት ለኢግናጺ ደረሰ፣ ሰማያዊው ለእኔ። ሞተር ሳይነሳ እየተገፋን ስንወጣ ከሦስተኛው ኩርባ የእማዬ ድምፅ ተሰማኝ፦ «በርታ ልጄ! አንተ ቀዩ! በርታ!»

ወይ ጣጣ አልኩ። ይህ ልጅ ቢወድቅ እናቴ እኔ የወደቅኩ ይመስላታል። አባዬ ከሞተሩ የወደቀ ዕለት እዚያው ቦታ ቆማ እንደነበር ከእኔ ይልቅ አንቺ ታስታውሻለሽ። ያኔ ነጥቡም ክለቡም ከጭንቅላቴ ወጣ፤ ልጁ በሁለት እግሩ እንዲመለስ ብቻ ነበር የምፈልገው። ኢግናጺ ከገመዱ እንደ ጥይት ወጣ። እኔ ሦስተኛ ነበርኩ፤ በውስጥ ገብቼ ነጩን ያዝኩትና አለፍኩት። በመጨረሻው ዙር የኢግናጺ ሞተር ማሳል ጀመረ። ልቀድመው እችል ነበር፣ ግን ብቀድመው ብቻውን ለነጩ ይቀራል። ነዳጁን ቀነስኩና ከኋላ ጎማው ስር ተለጠፍኩ፤ ነጩ በውጭ ሲመጣ ውጭውን፣ በውስጥ ሲመጣ ውስጡን ዘጋሁበት። እንደዚያው ተጣብቀን ገባን። አልወረድንም፣ እትዬ! ሊፖቮ አልወረደም!

ኢግናጺን ወደ ሰማይ ሲወረውሩት እማዬ በሰዉ መሀል ተጋፍታ ሞተሮቹ ዘንድ ደረሰች። ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄደች። በሻሿ ፊቱን ጠረገችለት፣ አቅፋ ግራና ቀኝ ሳመችው። እኔ ሰማያዊውን ሄልሜት ታቅፌ እዚያው ቆሜያለሁ። በቃ፣ ልጇንም አታውቅም ብዬ እንባዬ መጣ። ከዚያ ዞር አለችና ትከሻዬን በቡጢ መታችኝ። «አንተ ደግሞ ግራ ትከሻህን እንደ አባትህ መጣል መቼ ነው የምትተወው?» አለችኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ ጠየቅኳት። ክንዴን ይዛ ነው የምትሄደው፣ ጉድጓዱን እኔ እነግራታለሁ። «ዛሌሺዬ ላይ እንዳንተው ተሳስቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቀለም ማመን ትቻለሁ፣ ትከሻ ነው የማየው» አለች። «ሰማያዊው አንተ እንደሆንክ ስትወጣ ነው ያወቅኩት። ላንተ ከተማው ሁሉ ይጮህልሃል። የዚያ ልጅ እናት ሰው አገር ቲማቲም ትለቅማለች፤ ማን ይጩህለት?»

ቴኦፊል በር ጋ ስንደርስ ቆመች። «ለኦቲሊያስ እዚያ ማን ይጮህላታል?» አለችኝ።

እንግዲህ ለጥያቄሽ መልሱ ይኸው ነው። እማዬ ፊት አታይም፣ ጽሑፍ አታነብም፤ ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ይመለሳል ካላት ዓመት አለፈው፣ ለእኛ የነገረችን ገና ትናንት ማታ ነው፤ እሷ ናት እምቢ ያለችው። ዛሬ ጠዋት ግን ሻንጣዬን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጂልኝ ብላ ባለቤቴን ጠየቀቻት። ሜዳው በረዶ ሲለብስ ትመጣለች። ለዓይኔ አይደለም የምሄደው ብላለች፤ ዓይኑን ከፈለጋችሁ በዚያው አሠሩት አለች።

ብሮኒስዋቭን ወገብህን ጠብቅ በይልኝ። መንትዮቹን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ። ባለቤቴ ሮዛሊያ የፕለም ማርማላታ ከእማዬ ጋር ትልክልሻለች። ጌኖቬፋ በጣም ሰላም ብላሻለች፤ ቴኦፊልም እንደዚሁ፣ ባልዲውንም አልወሰደም። ኢግናጺ አያውቅሽም፣ ግን ሰላም በልልኝ አለ።

እማዬ ከአጠገቤ ሆና ድንች እየላጠች፣ ፋብሪካ የምትለብሺው ልብስ ቀለሙ ምን እንደሆነ ጠይቅልኝ አለችኝ፤ ከሥራ ስትወጪ በሩ ላይ ቆማ ልትጮህልሽ ነው። ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ግን ሐሳቧን ለወጠች። ተወው፣ እኔ ልጄን በትከሻዋ አውቃታለሁ ብላለች።

የምወድሽ ወንድምሽ ቫሌንቲ
ሊፖቮ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2012