ላዩ የጠነከረ ሙሌት

ቦንጋ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣ እናትም እህትም የሆንሽኝ፣ ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ ይሁን። ጤናሽ እንዴት ነው? ጋሽ አስፋውስ ወገባቸው ተሻላቸው? ዋጫ ዝናቡ በርትቷል አሉ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ትናንት ከኳየራችሁ አብነት ጥርሷን ልትታከም ክሊኒካችን መጥታ ነበር። መዘመር ትተሽ ከኋላ ወንበር እንደምትቀመጪ፣ አፍሽንም በነጠላ እንደምትሸፍኚ ነገረችኝ። የሞላሁልሽ የፊት ጥርስ ሙሌቱ ወድቋል አለች። ለጠየቀሽ ሁሉ ግን አጥንት ስቆረጥም ነው፣ የወንድሜ እጅማ ምን ይወጣለታል ትያለሽ አሉ። ወይ እትዬ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አጥንቱ ምን በደለ?

ጥርስሽን የሞላሁልሽ ቀን ዘመዱን አስቀደመ እንዳይሉኝ ብዬ ከሁሉም ኋላ አስቀመጥኩሽ። ለስሜ ነበር፤ ለፍትሕ እንዳይመስልሽ። ተራሽ ሲደርስ መብራት ሄዷል። ሙሌቱን በሰማያዊ ብርሃን የሚያደርቀው መሣሪያ በባትሪ ነበር የሚሠራው፤ ባትሪውም ያን ሰሞን ደክሞ ነበር፤ መብራት ስለሌለ ቻርጅ ማድረግ አልቻልኩም። አንቺ ደግሞ የዋጫ መኪና ሊያመልጥሽ ነው። ነገ ተመለሺ ለማለት አፈርኩ። ላዩን ነካ ነካ ባደርገው ጠንካራ ሆነብኝና፣ ቆሎ ቆርጥሚበት ብዬ ቀለድኩብሽ። ውስጡ ግን ሊጥ ነበር። እንዲህ ያለ ሙሌት እየዋለ እያደረ ይላላል እንጂ አይጠነክርም።

ይህን ትናንት ያወቅሁት እንዳይመስልሽ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሆዴ ስላልቆረጠ፣ ከዚያው ሙሌት ጥቂት ወስጄ በዚያው መሣሪያ አደረቅሁና ውሃ ውስጥ አኖርኩት። በሳምንቱ አውጥቼ ስገለብጠው ሥሩ በጥፍሬ ተፋቀ። ያኔ ለፋሲካ ገና አሥራ አምስት ቀን ይቀር ነበር። ያንቺ የወደቀው ከፋሲካ በኋላ ነው። በበዓሉ ዕለት ደውዬ እንኳን አደረሰሽ አልኩሽ፤ ስለ ጥርስሽ ግን ትንፍሽ አላልኩም። በዚያ ሰሞን ጥርስ ከሞላሁላቸው መካከል ለበዓሉ ከደወልኩላቸው ሌሎችም ጋር እንዲሁ ነበርኩ።

ዛሬ ጠዋት ለአለቃዬ ለወይዘሮ ሰብሌ ሁሉንም ተናገርኩ። በዚያ ሰሞን የሞላሁላቸው በሙሉ እንዲመለሱ ስማቸውን እያየን እየደወልን ነው። አንዳንዱ ይሰድበኛል፤ እውነት አለው። አንቺ ግን አትሰድቢኝም፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ይህን ደብዳቤ ደብቀሽ አታስቀምጪው። ለጋሽ አስፋውም፣ ለኳየሩም ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

ጌታ ቤትሽን ይጠብቅ፤ ድምፅሽንም ይመልስልን።

አዝለሽ ያሳደግሽው ወንድምሽ