ውሃውን ያነጣሁት እኔ ነኝ

ለልጄ፣

ሰባ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ሱሪዬን ቆሜ እለብሳለሁ፤ ደረጃውን መደገፊያ ሳልይዝ እወጣለሁ፤ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፤ ይህንንም ፊደሉ እያነከሰብኝ በገዛ እጄ ጻፍኩት። እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ፤ ብሞት ኖሮ ትሰማ ነበር። እናትህን ለመቅበር አልደረስክም፤ ለእኔም አትቸኩል። በስልክ ብነግርህ ስለምታቋርጠኝ ነው የጻፍኩት።

ነገሩ እናትህ ኮራል የሚሉትን የባሕር ፍጡር ታሳድግበት ስለነበረው የመስታወት ገንዳ ነው። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ነፍስ አለው፤ ከጨው ውሃው ኖራ እየለቀመ ገላውን ይገነባል። እናትህ ውሃውን በብልቃጥ እየለካች ከሁለት ጠርሙስ ትጨምርለት ነበር፤ ካልሲየሙን ጠዋት፣ አልካሊኒቲ የሚሉትን፣ ሶዳ መሳዩን፣ ማታ። አንዱ ከበዛ ሌላው ይወድቃል ትል ነበር። እኔም ከባልሽ ይልቅ ድንጋይ ታስታምሚያለሽ እላት ነበር።

እሷ ካረፈች ወዲህ እህትህ በየቀኑ እየመጣች ያንኑ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ልጇ ታሞባት ደወለችና «አባዬ፣ አደራህን፣ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትጨምር» አለችኝ። «አርባ ዓመት ግድግዳ በኖራ የለሰንኩትን ሰውዬ ስለ ኖራ ልታስተምሪኝ? መጀመሪያ አፍንጫሽን ጥረጊ!» ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ለሳኝ ያለውን ሁሉ ባልዲ ውስጥ ገልብጦ ነው የሚያቦካ። እኔም ሁለቱን ጠርሙስ ገልብጬ፣ በዱላ አማስዬ ገንዳው ውስጥ ደፋሁት። ውሃው ወተት መሰለ። ጠገቡ ብዬ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ገላቸው እየተላጠ ረገፈ፤ ነጭ አጥንት ብቻ ቀረ። የገንዳ ዓሳ የሚሸጠው ሰውዬ መጥቶ ውሃውን ለካና፣ ሁለቱ ሲገናኙ ኖራ ሆነው ይረጋሉ፣ ኮራሉ የሚለቅመው ያጣል አለኝ። ማን ነው እንዲህ ያደረገ ቢለኝ፣ ልጄ ናት አልኩት።

ለአንተም ያንኑ ነገርኩህ። አንተም እንዴት ፈጥነህ አመንክ! ምን ሆና ነው እንኳ አላልክም። የሞቱትን እያለቀሰች ስትለቅም ደውለህ «እናታችንን ሁለተኛ ገደልሻት» አልካት። እሷም ዞራ «አባዬ፣ ንገረው እንጂ» አለችኝ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። የቤቴን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ ይኸው አራት ወሯ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ውሸቴን ይዤ ከረምኩ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ እንደማትወደኝ አውቃለሁ፤ እኔም አልሞትኩላትም። ትልቁን ልጅህን ሳምልኝ፤ ዓይኗን ያላየሁትን ትንሿንም ሳምልኝ።

ሽማግሌ እንዳትልክብኝ፤ ሽማግሌስ እኔው አለሁ። ዕዳዬን ራሴ እከፍላለሁ። ዓሳ ሻጩ ዘንድ ሄጄ፣ ሱቁ ሰው በሞላበት ሰዓት፣ ዋሽቼሃለሁ እለዋለሁ። እህትህ ቤት በእግሬ ሄጄ፣ ባሏና ልጆቿ እየሰሙ፣ እኔ ነኝ እላታለሁ፤ በሩን ብትዘጋብኝ ደጅ ቆሜ እላታለሁ። የተናገርካት ግን ያንተ ዕዳ ነው፤ አልከፍልልህም። የእናትህን እዚያው ስደርስ ከራሷ ጋር እንተሳሰባለን፤ በእሱ ማንም አይግባብኝ።

አባትህ
ከሳሎኑ መስኮት ሥር፣ ሐሙስ፣ ግንቦት 9