ጀልባዬ ሆቴል ገባች

ይድረስ ለልጄ፦

ጀልባዬን ሳትጠይቀኝ ሸጠህብኛል። ዓይኔን ልታከም ሐኪም ቤት በተኛሁበት ሰሞን፣ ካለህበት ሆነህ ከሆቴሉ ሰዎች ጋር በስልክ ተዋውለህ ጨረስክ። ይኼን ሳልናገር ሰላምታ ማስቀደም አልሆነልኝም።

አሁን ሰላም ልበልህ። እንዴት ነህ? ያ ሳልህ ለቀቀህ? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ብርዱ አልጠናባችሁም? እኔ ደኅና ነኝ። ዓይኔ አጥርቶ ያያል፤ ባያይ ይሻለኝ ነበር። እናትህ ጉልበቷን ቢያማትም ከሥራዋ አልቦዘነችም።

«አባቴ ይረፍ ብዬ ነው» ማለትህን ነግራኛለች። በገንዘቡ ጣሪያው እንደተሠራም አውቃለሁ፤ ዝናብ አያስገባም። ሥራም ፈልገህልኛል፤ ሆቴሉ ምግብ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ መረብ መጠገን። «ልጁ ለምኖ ያገኘልህን አትግፋ» እያለች እናትህ እንቅልፍ ስትነሳኝ ሄድኩ።

በጓሮ በር፣ በልብስ ማጠቢያው በኩል አስገቡኝ። ነጭ ሸሚዝና የገለባ ባርኔጣ ሰጡኝ። ጀልባዬ በበሩ አልገባ ብትላቸው ከወገቧ በመጋዝ ቆርጠዋታል። የፊተኛው ግማሽ አዳራሹ መሃል ቆሟል፤ ሆዷ በረዶ ተሞልቶ፣ በላዩ ጠርሙስና የተላጠ ፍራፍሬ ተደርድሮበታል። ባለፈው ዓመት የቀባኋትን ሰማያዊ ቀለም፣ ያረጀች እንድትመስል ፍቀውታል።

ከጎኗ በርጩማ አስቀመጡና መረብ አቀበሉኝ። አዲስ ነው፤ የተበጠሰ ክር እንኳ የለውም። የአዳራሹን አለቃ ምኑን ልጠግን ብዬ ብጠይቀው «አባባ፣ የሚጠግኑ መስለው ቁጭ ይበሉ፤ ቀና ብለው ፈገግ ቢሉልን ደግሞ ደስ ይለናል» አለኝ። አንዲት እንግዳ አቅፋኝ ፎቶ ተነሳች። ባሏ «የእውነት ዓሣ አጥማጅ ነው?» ብሎ አለቃውን ጠየቀው። እኔን አልጠየቀኝም። ከጀልባዋ ሆድ ጠርሙስ መዘው ወደ አሸዋው ወረዱ።

ባርኔጣውን በረዶው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ሰኞ እንድመለስ አለቃው በአንተ በኩል ልኮብኛል። አልመለስም። ታዲያ ምን ልትሠራ ነው ብትለኝ፣ ምንም። እንደ ዱሮው ሳይነጋ እነሳለሁ፤ የምሄድበት ግን የለም። ወደ ውሃው የሚያወርደውን መንገድ አጥረውታል፤ ዘበኛው በየቀኑ የሆቴሉ እንግዳ ነዎት ወይ ይለኛል፣ ያውቀኝ የለም እንዴ! ከዚያው ተመልሼ ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። እናትህም ቡና ታቀብለኝና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ለሚስትህ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። ለትልቋ፣ በእረፍቷ ስትመጣ ባሕር ላይ ይዣት እንደምወጣ ቃል ገብቼላት ነበር። ቀርቷል። ምክንያቱን አንተው ንገራት።

ስትመጡ ቤቱ ቤታችሁ ነው፤ በር አልዘጋብህም። ስለ ጀልባዋ ግን ከእንግዲህ ትንፍሽ አልልም፤ አንተም በፊቴ እንዳታነሳት።

አባትህ
ከቤቴ፣ ጥቅምት 9 ቀን