ከውስጥ ወደ ውጭ ስለወደቀው የእድራችን ላፕቶፕ

ይድረስ ለተከበሩ የላፕቶፕ አከፋፋዩ ድርጅት የዋስትና ክፍል ኃላፊ
ቦሌ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ በእንግዳ መቀበያው መስታወት ውስጥ የሚዋኙት ዓሣዎች ሁሉ እንደምን ከርመዋል? ወረፋ ስጠብቅ ብዙ ከመተያየታችን የተነሳ ዓሣዎቹን እንደ ዘመድ መቁጠር ጀምሬያለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከስሜ በቀር ሁሉ ነገሬ ጤናማ ነው።

ዓለምሰገድ ይትባረክ እባላለሁ። ጡረታ የወጣሁ የመንግሥት ሠራተኛ ስሆን፣ በቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። የድርጅትዎን ስም በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ላይ ያልጠቀስኩት ረስቼው አይደለም። የሰው ስም ያለማስረጃ ሲጠፋ ምን ያህል እንደሚያም ከእርስዎ ቢሮ ከተማርኩ ወዲህ፣ ያንኑ በሌላው ላይ ለማድረግ ስለከበደኝ ነው። ለትምህርቱ አመሰግናለሁ።

እድራችን ከጉርድ ሾላው መደብርዎ አንድ ላፕቶፕ ገዝቶ ነበር። የእድር ንብረት እንዴት እንደሚያዝ ለእርስዎ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ፤ ሆኖም ሠራተኞችዎ ያልሰሙ ስለሚመስለኝ ልናገር። ላፕቶፑ የሚቀመጠው ድንኳኑና ድስቶቹ ባሉበት መጋዘን፣ ሦስት ቁልፍ በተንጠለጠለበት የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። አንዱን ቁልፍ ሰብሳቢያችን ሐጂ ሃይደር፣ ሁለተኛውን ገንዘብ ያዣችን ወይዘሮ ፈለቀች፣ ሦስተኛውን እኔ እንይዛለን፤ ሦስታችን ካልተገናኘን ሳጥኑ አይከፈትም። ወይዘሮ ፈለቀች ከአሮጌ ጋቢያቸው ቀደው ሽፋን ሰፍተውለታል። ሻይም ሆነ ውሃ እሱ ባለበት ጠረጴዛ ላይ እንዳይቀመጥ በቃለ ጉባኤ ተወስኗል። ከፋብሪካው ተለጥፎበት የመጣውን ስስ ላስቲክ እንኳ፣ እንዳይጫርብን ብለን አልላጥነውም። በወር አንድ ጊዜ፣ በስብሰባችን እሑድ፣ ሁሉም እያየው ይወጣና መዋጮ ይመዘገብበታል፤ ከዚያ ተመልሶ ይቆለፍበታል። እኔ የገዛ ልጆቼን እንዲህ ተጠንቅቄ አላሳደግኩም።

ታዲያ ገና ዓመቱን ሳይደፍን በአንዱ ስብሰባ ላይ ሳጥኑን ከፍተን ጋቢውን ብንገልጥ፣ ላፕቶፑ እጅ ከሚያርፍበት ላይ እርሾ እንደበዛበት ሊጥ ተነፍቶ፣ አንዱ ማዕዘኑ ተሰንጥቆ አገኘነው። ባትሪው ከውስጥ አብጦ ኖሯል። ሁላችንም ደነገጥን፤ ሐጂ ሃይደር ግን «ዋስትና አለን እኮ፣ ምን ያስጨንቀናል?» ብለው አረጋጉን። በዚያ ተስፋ ወደ እርስዎ አመጣነው። ከዚያ በኋላ ለተደረገልን መስተንግዶ በቅደም ተከተል ላመስግን።

አንደኛ፣ ሠራተኞችዎ አንድም ብሎን ሳይፈቱ ስንጥቁን ከላይ በስልክ ፎቶ አንስተው፣ «አካላዊ ጉዳት፤ በተጠቃሚ እጅ የደረሰ አደጋ፤ ዋስትናው አይሸፍነውም» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ስለሰጡን ፍጥነታቸውን አደንቃለሁ። የዋስትናውን ደንብ አልቃወምም። ፋብሪካ ያበላሸውን ፋብሪካ ይካስ፤ የጣለው፣ ውሃ የደፋበት፣ የተቀመጠበት ሰው ደግሞ ጥፋቱን ራሱ ይቻል። ፍትሐዊ ነው፤ እኔም ብሆን እንዲሁ እጽፈው ነበር። ነገር ግን እስከማውቀው ድረስ የወደቀ ዕቃ መሬት ሲመታው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል እንጂ ወደ ውጭ አይነፋም። የእኛው ወድቆ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የወደቀው። እንዲህ ያለውን አወዳደቅ ለዓለም ያስተዋወቀው ድርጅትዎ በመሆኑ እንኳን ደስ ያለዎት።

ሁለተኛ፣ ይህንኑ ለማስረዳት ተመልሼ ስመጣ፣ በእንግዳ መቀበያው የምትሠራው ትሑቷ ወጣት ብሩክታይት ወደ ውስጥ ገብታ ጠይቃ ወጣችና፣ አንገቷን ደፍታ «አባባ፣ ላስቲኩን ስላልላጣችሁት ሙቀት ታፍኖበት ነው ይላሉ» አለችኝ። በልጅቷ አልፈርድም፤ ያሏትን ነው ያደረሰችው። እርስዎን ግን በታላቅ አክብሮት ልጠይቅ፤ ጥለነዋል ወይስ አብዝተን አቅፈነዋል? ላስቲኩን ባለመላጣችን አጥፍተን ከሆነ፣ በዚህ ከተማ የቴሌቪዥኑን፣ የፍሪጁን፣ የአዲስ ሶፋውን ላስቲክ ሳይልጥ የሚኖረው ሕዝብ ሁሉ አደጋ አድራሽ ነውና ወረቀት ያዘጋጁለት።

ሦስተኛ፣ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን አምኜ ብፈርም ለጥገናው በግማሽ ዋጋ እንደሚተባበሩን ስለገለጹልን ለቸርነትዎ ምስጋና አቀርባለሁ። እዚህ ላይ ግን ቀልዴን ልተወው፤ ተናድጃለሁ፣ ከመናደዴም በላይ አዝኛለሁ። ያ ማኅተም ያለበት ወረቀት በእድሩ ስብሰባ ላይ ከተነበበ ወዲህ፣ ከነባር አባሎቻችን አንዱ የሆኑት አቶ ገብረየስ ተነስተው «ባለሙያ ወድቋል ካለ ወድቋል ነው፤ ማን ነው የጣለው?» ብለው ጠየቁ። ሦስት ቁልፍ መኖሩ ያድነናል ስንል፣ ሦስታችን ተመካክረን ደበቅን ተባለ። ቀጥሎ ጣታቸውን በኪቦርዱ ላይ የሚያሳርፉት ዓለምሰገድ ብቻ ናቸው ተባለ። ሰነባብቶም ቤቱ ወስዶ ፊልም ሲያይበት ነበር የሚል ወሬ ከብሎክ ብሎክ ዞረ። ጠርጥር ከገንፎ መሃል አይጠፋም ስንጥር ይባላል፤ ስንጥሩን ገንፎው ውስጥ የጨመሩት ግን እርስዎ ነዎት። ሐጂ ሃይደር ሰላም እንዲወርድ ብለው «ዓለምሰገድ ወንድሜ፣ ፈርምላቸውና ይለፍ፤ እኛ እናውቅሃለን» ሲሉ ለምነውኛል። ሐጂ ቅን ሰው ናቸው። ነገር ግን እኔ በእድሩ የምፈርመው ሰው ሲሞት ነው፤ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ የሚገባው ሁሉ እንደደረሰው በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ይህ ፊርማ አንድ ጊዜ ሐሰት ላይ ካረፈ፣ ከዚያ በኋላ በማን ሐዘን ላይ ይታመናል?

አራተኛ፣ አልፈርምም ባልኩ በማግስቱ ከሽያጭ ክፍልዎ ተደውሎልኝ፣ ለሚቀጥለው ላፕቶፓችን ውድቀትና ስብራትን የሚሸፍን ተጨማሪ የአደጋ ዋስትና እንድገዛ በትሕትና ተጋብዣለሁ። አደጋ ለመጻፍ ያላችሁን ቅልጥፍና ላየ ሰው ብልህ ንግድ ነው። የመጀመሪያው ዋስትና እንደ አህያ ባል ከጅብ አላስጣለንም፤ ሁለተኛውም ያው አህያ እንዳይሆንብን ፈርተን ይቆየን ብለናል።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። አዲስ ላፕቶፕ ስጡን አላልኩም፣ ካሳም አልጠየቅሁም። ባትሪውን ፈትታችሁ እዩትና፣ እብጠቱ ከየት እንደመጣ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ማኅተማችሁን አሳርፉበት። የሚመጣው እሑድ እድሩ ተሰብስቦ ቁልፉ ከእጄ ይወሰድ ወይስ ይቆይ በሚለው ላይ ድምፅ ይሰጣል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ቀባሪዎቼ የሚሆኑት ደግሞ እነዚሁ ጎረቤቶቼ ናቸው። ሐሰተኛ እያሉ እንዲቀብሩኝ አልፈልግም።

ውድ ጊዜዎን ከዓሣዎችዎ ቀንሰው ይህን ስላነበቡልኝ እያመሰገንኩ፣ ለእርስዎ ጤና፣ ለድርጅትዎ ዕድገት፣ ለማኅተምዎ ደግሞ ጥቂት ዕረፍት እመኛለሁ።

ከሦስቱ ቁልፎች አንዱን እስከ እሑድ የያዝኩት፣
አክባሪዎ
ዓለምሰገድ ይትባረክ
የእድሩ ጸሐፊ፣ ቦሌ ቡልቡላ

ግልባጭ፦
ለእድሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለአቶ ገብረየስ፣ ካሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ላፕቶፑን ለማየት ከሐጂ ሃይደር፣ ከወይዘሮ ፈለቀችና ነገሩን በዓይናቸው ካላዩ እንደማያምኑ ከነገሩኝ ከአቶ ገብረየስ ጋር ወደ ቢሮዎ መጥተን ነበር። ብሩክታይት በራሳችሁ ቁልፍ ከተቆለፈው ቁም ሣጥን አውጥታ ሰጠችን። እናንተ ዘንድ ከገባ ወዲህ እብጠቱ ብሶ ክዳኑ አልገጥም ብሏል፤ ሠራተኞችዎ አንስተው ከወረቀታችን ጋር ባያያዙት ፎቶ ላይ ደህና የነበረው ሌላኛው ማዕዘኑም ተሰንጥቋል። አቶ ገብረየስ ላፕቶፑን ከፎቶው ጋር እያስተያዩ ወዲያና ወዲህ አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ በእድሩ ስብሰባ እኔን የጠየቁኝን ጥያቄ በዚያው ድምፅ ለሠራተኞችዎ ጠየቁ፦ «ማን ነው የጣለው?» እኔ አልፈርምም ያልኩት ወረቀት ጠረጴዛዎ ላይ አለ፤ የፊርማው ቦታ አሁንም ባዶ ነው።